ላልታወቀ መንገድ ሁሉ እሺ

በጎሽ ሜዳ ከተማ ሰው የሰው በር አያንኳኳም። ማንኳኳት ነውር ከሆነ ቆይቷል። ጨው ያለቀበት፣ መሰላል የፈለገ፣ ልጁን ለትንሽ ጊዜ የሚያስቀምጥበት ያጣ ሁሉ መጀመሪያ የጎረቤቱን መላሽ፣ በየቤቱ በባለቤቱ ፈንታ የሚመልሰውን ማሽን፣ ይጠይቃል፤ መላሹ የሚለውን ሰምቶ ይሄዳል ወይም ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ሰዎቹ ገና ከአልጋቸው ሳይወርዱ መላሾቻቸው እርስ በርስ ሰላምታ ተለዋውጠው ይጨርሳሉ። እንዴት አደራችሁ፣ ደህና፤ ልጆችስ፣ ደህና፤ ቤቱስ፣ ደህና። ስለዚህ ደረጃ ላይ የሚገናኙ ጎረቤታሞች የሚሉት ነገር አይተርፋቸውም። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ።

በሕንፃው ውስጥ ካሉት መላሾች ሁሉ አጭር መልስ የሚሰጠው የሥምረት ነበር። ራሷ ናት የሠራችው። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይህንኑ ነው፤ በሱቅ የሚሸጡትን ደግሞ አትወዳቸውም። የሱቆቹ "እመቤቴ" ይላሉ፣ ያሞግሳሉ፣ ያልተጠየቁትን ያወራሉ። ሥምረት ቃል ማውጣት የሚከብዳት ሰው ናት፤ መላሿን የሚያሠራው ሰርቨርም እንደሷ እንዲሆንላት ፈለገች። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ተቀምጣ ጻፈችው። ሰርቨሩ ጆሮውን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ጥያቄ ሲመጣ በየትኛው መንገድ እንደመጣ ያያል፤ ለዚያ መንገድ የተጻፈ መልስ ካለ ይመልሳል፣ ሌላ ሥራ የለውም። የጻፈችለት መንገድ ጥቂት ነው። ሰላምታ ሲመጣ "ደህና" ይላል። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ሲጠየቅ ቁጥሩን ይሰጣል። ቤት ነሽ ወይ ሲባል ነኝ ወይም የለሁም ይላል። ከእነዚህ ውጭ በሌላ መንገድ ለመጣ ጥያቄ ሁሉ፣ በትምህርት ቤት እንደለመደችው፣ "አልተገኘም" እንዲል አደረገችው፤ ያ የታወቀው የኮምፒውተር ቁጥር፣ አራት መቶ አራት።

ጣጣው የመጣው በወንፊት ነው። ከታች ፎቅ እትዬ ሳምራዊት የሚባሉ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት አሉ። አንድ ቅዳሜ ዱቄት ሊነፉ ፈልገው የሥምረትን መላሽ ወንፊት ጠየቁ። መላሹ ስለ ወንፊት የተነገረው ነገር ስላልነበረ "አልተገኘም" አለ። ወንፊቱ ግን በሥምረት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከግቢው ይታያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሳምራዊት ደረጃ ላይ ሲያገኟት ራሳቸውን መነቅነቁን ትተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ጀመር። ሥምረት ምን አጥፍቼ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች። ነገሩ ሲገባት ከሐፍረት የተነሣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ወንፊቱን ይዞ መውረድ ማለት በር ማንኳኳት ነው፤ ያን አልደፈረችም። በዚያ ፈንታ የሰርቨሩን የመጨረሻ መስመር አጠፋችና በሌላ ተካችው። ላልታወቀ መንገድ ሁሉ የመቀበያው ቁጥር፣ ሁለት መቶ፤ ላልታወቀ መንገድ ሁሉ "እሺ"።

ስሕተት ሠራሁ ብላ አላሰበችም። እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ ነገሩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ነፍሷን ይማርና እናቷ በዕድሜዋ ለማንም የለም ብላ አታውቅም ነበር። እሺ ትላለች፣ የምትችለውን ታደርጋለች፣ የማትችለውን ጠያቂውም እሷም ቀስ ብለው ይረሱታል። ሥምረትም የመጣውን ጥያቄ እያየች የምትችለውን ለማድረግ አሰበች። መጀመሪያ ሰሞን ታይ ነበር። በኋላ ተወችው።

ውጤቱ ግን ያማረ ነበር። እትዬ ሳምራዊት ደግመው ሲጠይቁ እሺ ተባሉ፤ ሥምረት ሳታንኳኳ በራቸው ሥር ያስቀመጠችላቸውን ወንፊት አገኙ። ደረጃ ላይም በአፋቸው "ልጄ" ብለው ጠሯት፤ ሥምረት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች። ቆይተውም የገዙት መላሽ ወሬ እንደሚያበዛባቸው ነግረው የሷን ዓይነት እንድታደርግላቸው ለመኗት። ቀድታ ሰጠቻቸው። ሰውም ያቺ ልጅ እሺታዋ የተባረከ ነው ይል ጀመር። ከዚያ የአንዱ ከሰል በረንዳዋ ላይ ተከመረ። የሌላው ውሻ ቅዳሜና እሑድ እሷ ዘንድ መዋል ለመደ። የማታውቃቸው ማኅበሮች አባል ሆና ተገኘች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ያስቆመቻት ሴት ሕፃን አቅፋ፣ የክርስትና እናቱ እኮ ነሽ፣ ምነው ጠፋሽ ብላ ወቀሰቻት። ሥምረት ይቅርታ ጠይቃ ልጁን ሳመችው።

እንዲህ ሆና ሳለች ነው እህቷ ኤፍራታ ከአሶሳ የደወለችው። ኤፍራታ ልትወልድ ደርሳለች። ባሏ ሌላ ከተማ ለአለቃው ዋስ ሆኖ መውጣት አልቻለም፤ እናታቸው በሕይወት የለችም። የመጀመሪያውን ብቻዋን ወልዳ ብቻዋን ነው የቀበረችው፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። በዚህ ስልክም ስለዚያ አላነሣችም። ሥራ ካልበዛብሽ ብትመጪ ብቻ ነው ያለችው። ሥምረት እመጣለሁ አለች። ይህን ያለችው በገዛ አፏ ነው።

እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ከጎሽ ሜዳም የሚወጣ ሰው ዋስ ያስቀምጣል። የወጣው እስኪመለስ ድረስ ዋሱ ከከተማው አይወጣም፤ ሲመለስ ይለቀቃል። ሕጉ ከወጣ ብዙ ዓመት ስለሆነው ልጆች እንኳ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አንዱን ዋስ አስቀምጠው ነው ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄዱት። ሥምረት የሥራ ባልደረባዋን ለምና ዋስ አድርጋ አስመዘገበች፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ለሚነሣው ፈጣን አውቶቡስ ትኬት ቆረጠች። የአራስ ቤት ዕቃ፣ ቅቤና ገንፎ የሚሆን ዱቄት በሻንጣ ይዛ ከምሳ በኋላ የከተማው ምዕራባዊ በር ደረሰች። በሩ አልተከፈተላትም።

የበሩ ሠራተኛ ትርሲት የምትባል ጠና ያለች ሴት ነበረች። ከመስታወቱ ጀርባ ቆሎ እየቆረጠመች ፊቷ ያለውን ሰሌዳ አየች።

"ዋስሽ ደህና ነው፤ ተመዝግቧል" አለቻት። "የማትወጪው ራስሽ ዋስ ስለሆንሽ ነው፣ እህቴ።"

"የማን?"

"የካሌብ ወንዳፍራሽ።"

ሥምረት ስሙን ሰምታው አታውቅም። ትርሲት ሰሌዳውን እያነበበች አስረዳቻት። ሰውየው ሠርግ አለብኝ ብሎ ካቻምና ወጣ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ሠርጉ አላለቀ እንደሆነ እንጃ ብላ ቆሎዋን አፏ ውስጥ ጨመረች። ሥምረት ሰውየውን እንደማታውቀው፣ ዋስ ሁኚልኝ ያላትም ማንም እንደሌለ ነገረቻት። ትርሲት አልተከራከረችም። በየቀኑ እንደምትሰማው ነገር አዳመጠችና በጣቷ ወደ ግድግዳው አመለከተች። "መላሽህ ያለው አንተ ያልከው ነው" ይላል ጽሑፉ፤ ቀለሙ ለቋል።

"ከተማው ውስጥ ያለውን በር ሁሉ ጠይቆ ነበር" አለች። "ሁሉም በትሕትና መልሰውታል። ያንቺ ብቻ ነው ሁለት መቶ ያለው። ወዲያው፣ አሰብ እንኳ ሳያደርግ።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይህ ግን ከአፍ እንኳ አልወጣም። ሥምረት ከመስታወቱ ፊት ቆማ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች፤ ድምፅዋ በጣም ዝቅ ስላለ ሁለት ጊዜ መናገር ነበረባት።

ትርሲት ግራና ቀኝ አየች። "እሱ ያደረገውን አድርጊያ" አለቻት። "እሺ የሚል በር ፈልጊ። ሁለት መቶ ያለው ሰው ባንቺ ቦታ ይገባል፣ አንቺ ትወጫለሽ። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው። አውቶቡስሽ ሳይነሣ ግን ቶሎ በይ።"

ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ቤቷ ተመለሰች። መጀመሪያ ያደረገችው የገዛ ሰርቨሯን የመጨረሻ መስመር ማረም ነው። ከእንግዲህ ባልታወቀ መንገድ የሚመጣ ጥያቄ ሰሌዳዋ ላይ ደውሎ እጇን ይጠብቃል፤ ካልመለሰች እንዳልተስማማች ይቆጠራል። ይህን ለማድረግ ጥቂት መስመር ነው የፈጀባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ልታደርገው ትችል ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር ጻፈች። የከተማውን መላሾች አንድ በአንድ እየዞረ "ለካሌብ ወንዳፍራሽ ዋስ ይሆናሉ?" ብሎ የሚጠይቅ። ከሕንፃው ውጭ ያሉትን አስቀደመ። መልሱ በሰሌዳው ላይ ይንቆረቆር ጀመር። "ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል፤ ለጊዜው ግን አልተመቸኝም።" "ባለቤቱ ምግብ ላይ ናቸው፤ ነገ ይሞክሩ።" "ነገ ይሞክሩ።" "እግዜር ያክብርልኝ፤ በዚህ ዓመት አይሆንልኝም።" አንዱ መላሽ ስለ ዋስትና ጥቅም ረዘም ያለ ምክር ሰጥቶ ሲያበቃ እምቢ አለ። አንዱም "የለም" አላለም። እሺ ያለም አልነበረም።

የሕንፃው ቤቶች መጨረሻ ላይ ነበሩ። ሥምረት ከእነሱ መካከል የትኛው እሺ እንደሚል ታውቃለች። ቀድታ የሰጠችው እሷ ናት፤ የመጨረሻውን መስመር ያረመችውም የራሷን ብቻ ነው። ያንን አንድ ቤት ከዙሩ ማውጣት ትችል ነበር፤ ጣቷም ወደዚያ ሄዶ ነበር። እትዬ ሳምራዊት ከሕንፃው ወጥተው አያውቁም አለች በልቧ፤ ለእሳቸው በሩ ቢዘጋ ባይዘጋ ምን ይለወጣል። ኤፍራታን አሰበች። ጣቷን መለሰችው።

"እሺ" አለ የእትዬ ሳምራዊት መላሽ። ሁለት መቶ። በሰሌዳው ጥግ ከስሟ ፊት ለፊት የነበረው ቀይ ነጥብ አረንጓዴ ሆነ፤ አሁን መውጣት ትችላለች።

ሻንጣዋን ይዛ ልትወጣ ተነሣች፤ ደረጃው ላይ ግን እግሯ ቆመ። ሳትነግራቸው አትሄድም። ነግራቸው፣ በአፋቸው እሺ ሲሏት ሰምታ ትሄዳለች። እሺ እንደሚሉ አልተጠራጠረችም። በሩን አንኳኳች።

እትዬ ሳምራዊት በድንጋጤ ነው የከፈቱት። "ማን ሞተ?" አሏት።

ማንም እንዳልሞተ ነግራቸው ገባች። ቤቱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምንጣፉ ተጠቅልሏል፤ ትልልቅ ሻንጣዎች በገመድ ታስረው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ሥምረት ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ድፍረቷ ሳይበርድባት የመጣችበትን ጉዳይ ቆማ ነገረቻቸው። የካሌብን ነገር፣ የበሩን፣ የላከችውን ጥያቄ፣ መላሻቸው ያለውን። እህቷንም ነገረቻቸው፤ የመጀመሪያውን ሕፃን ጭምር። ያን ለሰው ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እትዬ ሳምራዊት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

"እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላት" አሉ። "ግን አይሆንም።"

ሥምረት ያልሰማች መሰላት። "እትዬ፣ መላሽዎ እኮ እሺ ብሏል።"

"መላሹ የኔ አይደለም፣ ያንቺ ነው። አንቺ ጽፈሽ አስቀመጥሽው። እኔ የተጠየቅሁት አሁን ነው፤ አሁን ደግሞ አይሆንም አልኩሽ።"

ከዚያ ቁጭ በይ ብለው ከታሰረ ሻንጣ ላይ አስቀመጧት። ዶዶላ ያለው ልጃቸው የፊታችን ሐሙስ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ይህን ቀን ሲጠብቁ ነው የኖሩት፤ ልጁ ቤት ሠርቶ፣ ፈቃዱን አግኝቶ፣ እናቴን ወስጄ አላመልስም ብሎ ፈርሞ አሁን ገና ተሳካለት። ሥምረት አንገቷን ደፍታ፣ ከቤት የማይወጡ መስሎኝ ነው አለች።

"ያልወጣሁት ይህን ስጠብቅ ነዋ" አሏት።

ሥምረት ለመነች። አንድ ወር ብቻ እንደምትቆይ፣ እንደተመለሰች በዚያው ቀን ዋስትናውን እንደምትረከባቸው፣ ልጃቸው ትንሽ ቢታገሥ ምንም እንደማይጎድል ነገረቻቸው። እየተናገረች ሳለች ድምፅዋ ለራሷም የሱቅ መላሽ መሰላት።

"ትመለሻለሽ። ክፉ ልጅ አይደለሽም" አሉ እትዬ ሳምራዊት። "ያ ካሌብም ክፉ ሰው ነው አላልኩም። መመለስ ግን የሄደው ሰው ጉዳይ ነው፤ እኔ ምኑን ይዤ ልቀመጥ?" ከዚያም ጨመሩ፦ "በዚያ ላይ፣ ብሞት በበሩ ያወጡኛል?"

 ሕጉ ስለሞተ ዋስ የሚለው ነገር ለሥምረት ትዝ አላላትም።

"ሕጉ ካንቺ ጋር ነው" አሏት። "ብትሄጂ የሚይዝሽ የለም፤ እኔም ሰው አልጠራም። ግን እኔም እጠይቅሻለሁ። እንዴት ነው የሚጠየቀው? አሳዪኝ።"

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ሰዓቱም እየሄደ ነው። ሥምረት ግን ተነሥታ ከሰርቨራቸው አጠገብ ተንበረከከችና አሳየቻቸው። ጥያቄው በየት መንገድ እንደሚላክ፣ የሰውየው ስም የት እንደሚገባ፣ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ ሥምረት ቤት እንዲሄድ ምን እንደሚነካ። እትዬ ሳምራዊት መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀሙት። "ወንዳፍራሽ" ላይ ተሳስተው ነበር፤ አረመችላቸው። ሲጨርሱ እግዜር ይስጥሽ አሏት።

ወደ ቤቷ ስትወጣ ሰሌዳው እየደወለ ነበር። "ለካሌብ ወንዳፍራሽ ዋስ ይሆናሉ?" ይላል። ከሥሩ ባዶ ቦታ፣ ከባዶው ቦታ አጠገብ ቀስ እያለ የሚያጥር ነጭ መስመር። መስመሩ ሲያልቅ ጥያቄው ይወድቃል፤ እሷ ነጻ ትሆናለች፤ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፣ ዝም ማለት ብቻ። ዝም ማለት ደግሞ በሕይወቷ ሁሉ የማይከብዳት ብቸኛው ነገር ነው።

ስልኳ ጮኸ። ኤፍራታ ናት።

"ሥምሬ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሽ?" አለቻት። ጀምሯታል፤ ገና ቀስ እያለ ነው፤ አዋላጇ እስከ ንጋት አይደርስም ብላታለች። ስለዚህ አትቸኩዪ፣ ትደርሻለሽ አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ የመሰለ ነገር ነበር። መንገድ ላይ የሚበላ ነገር ይዘሽ እንደሆነ ብላ ጠየቀቻት፤ ሥምረት ይዣለሁ አለች።

ነጩ መስመር ከግማሽ በታች ሆኗል። ከታች ፎቅ ምንም አይሰማም። እትዬ ሳምራዊት ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ አልጮኹም፣ ሰውም አልጠሩም። ምናልባት ከሰርቨራቸው ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ነው።

ሥምረት ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ያዘችና በሁለት እጇ ጻፈች። ሁለት ፊደል ናት። አረንጓዴው ነጥብ ቀይ ሆነ።

"ኤፍራታ" አለች። "አልመጣም።"

 ሥምረት በሩ እንዳልተከፈተ ነገረቻት። ዋስ መሆኗን ነገረቻት። ሊከፈት ይችል እንደነበረም ነገረቻት፤ ያን መደበቅ ይቀል ነበር። ኤፍራታ የማን ዋስ እንደሆነች አልጠየቀችም፤ ለምን አላለችም። ከበስተኋላዋ አንድ ሰው ዕቃ ሲያነሣ፣ ውሃ ሲቀዳ ይሰማል።

"እሺ" አለች ኤፍራታ።

ከዚያ ትንፋሿ ተቋረጠ፤ ሕመሙ መጥቶባት ነው። ሥምረት መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ አብራት ትንፋሿን ያዘች። ሕመሙ አለፈ። ስልኩን ግን አንዳቸውም አልዘጉም። ሥምረት መሬት ላይ፣ ካልተፈታው ሻንጣዋ አጠገብ ተቀመጠችና የሚቀጥለውን ጠበቀች።